ሽርጥ እንደታጠቁ ቤት መጠገን፦ አስተሳሰሩ፣ መሰላሉ፣ ቧንቧው፣ ልስኑና ጣሪያው

ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ከሚሴ ወይም አሳይታ ያለ አባወራ ከሥራ ሲመለስ ሱሪውን አውልቆ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን ሽርጡን ይታጠቃል። ቤት ውስጥ የተበላሸው ነገር ዓይን ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው፤ የሚንጠባጠበው ቧንቧ፣ የተቦረቦረው ልስን፣ ክረምት ሳይገባ መደፈን ያለበት የጣሪያ ቀዳዳ። ብዙ ሰው ሥራ ሊጀምር ሲል ተመልሶ ሱሪ ያጠልቃል። በቆላ ግን ለአብዛኛው የቤት ጥገና ሽርጥ ከሱሪ ይሻላል። ቁጢጥ ሲሉ ጉልበት ላይ አይወጠርም፤ አየር ያስገባል፤ ሲርስ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲሚንቶ ወይም አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ሲፈስበት ደግሞ ጫማ ሳይወልቅ በአንድ ጊዜ ወለል ላይ ይጣላል። ይህ የመጨረሻው ጥቅም ቆዳን ያተርፋል።

አደጋው የሚመጣው ከአስተሳሰሩ ነው። በረንዳ ላይ ለመቀመጥ የታሰረ ሽርጥ መሰላል ላይ ጠርዙ ይረገጣል፣ ድሪል ይጠመጥመዋል፣ መዶሻ ሲንጠለጠልበት ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያ ከመነሳቱ በፊት የሽርጡ ርዝመትና አስተሳሰር ይስተካከል። ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ አስተሳሰር የለም።

ሁለት ሥራዎችን ግን ከመነሻው እናውጣ፤ ግራይንደርና ብየዳ በሽርጥ አይሠሩም። 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ጊዜ ይሽከረከራል። የጨርቅ ጠርዝ ከነካ ጣት ማብሪያውን ከመልቀቁ በፊት ጨርቁን ጠቅልሎ ማሽኑን ወደ ጭን ይስበዋል። የብየዳ ፍንጣሪ ከታች ክፍት በሆነ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ጨረሩም የተራቆተ ቅልጥምን እንደ ፀሐይ ያቃጥላል። ለእነዚህ ወፍራም የጥጥ ሱሪ፣ የቆዳ መከለያና ረጅም ጫማ ይደረግ። ለቀረው ሁሉ የሚከተለው ይበቃል።

ጨርቁ

ገበያ ላይ ያለው ሽርጥ ባብዛኛው ወደ 2 ሜትር ርዝመትና ከ1.10 እስከ 1.20 ሜትር ወርድ አለው። ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ ክብ የሆነ አለ፣ ያልተሰፋም አለ። ለሥራ የተሰፋውን ያዙ። ያልተሰፋው እግር ወደ መሰላል ሲነሳ ፊት ለፊት ይከፈታል፤ የተከፈተው ጫፍም ሚስማርና የበር እጀታ ላይ ይያዛል። ያልተሰፋ ብቻ ካላችሁ ሁለቱን ጫፎች 3 ሴንቲ ሜትር ደርባችሁ በሁለት መስመር አሰፉት።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ሻጩ "ጥጥ ነው" ቢልም ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ በፒንሳ ይዛችሁ ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይጨማደዳል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ያ ፍሬ ቆዳ ላይ ሲሆን ተጣብቆ ነው የሚያቃጥለው። ፖሊስተሩ ሌላም ጉድለት አለው፤ ልሙጥ ስለሆነ ላብ ሲነካው ወገብ ላይ አይቆምም።

አዲስ ሽርጥ በስታርች ደርቆ ይመጣል። በዚያ ሁኔታው የተጠቀለለው ወገብ ሳይታሰብ ይፈታል። ስለዚህ ለሥራ ከመዋሉ በፊት ሁለት ጊዜ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጥጥ ቁምጣ ይለበስ፤ ይህ ግዴታ ነው። መሰላል ላይ ስትሆኑ ከታች ሰው ይኖራል፤ ሽርጡ ተይዞ ቢወልቅም ሥራው አይስተጓጎልም፤ የቁምጣው ኪስም ለስልክና ለቁልፍ ይሆናል። ጫማው ተረከዝና ጣት የሚሸፍን ይሁን። ሸበጥ ከሽርጥ ጋር ለሥራ አይሆንም፤ ጠርዙ በጫማውና በተረከዙ መካከል እየገባ ይረገጣል።

ሦስት አስተሳሰር

የመጀመሪያው ለመሬት ሥራ ነው፤ ቧንቧ፣ የበር ማጠፊያ፣ መሳቢያ፣ ሶኬት። ሽርጡ ውስጥ ገብታችሁ የላይኛውን ጠርዝ ከእምብርት 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ትርፉን ሁሉ ወደ ቀኝ ጎን ስባችሁ ወጥሩ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወደ ግራ መልሱት። ሆድ ላይ ድርብ ጨርቅ ይሆናል። ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ በላዩ እሰሩ። ከቀበቶው በላይ የቀረውን ጨርቅ ወደ ውጭና ወደ ታች በቀበቶው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉት። ቀበቶው ጨርቁን ይይዛል፣ ጥቅሉ ደግሞ ቀበቶው ወደ ላይ እንዳይንሸራተት ይከለክላል። የታችኛው ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት አንድ ጋት ያህል ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ ከረዘመ አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ጠቅልሉ።

ሁለተኛው ግማሽ እጥፍ ነው። የሕንድ ኬረላ ሰዎች ሙንዱ የሚሉትን መታጠቂያቸውን ለሥራ የሚያጥፉት እንዲህ ነው። የታችኛውን ጠርዝ በሁለት እጅ ፊት ለፊት ይዛችሁ በውጭ በኩል ወደ ወገብ አንሱና ግራና ቀኙን ቀበቶ ውስጥ አስገቡ። ሽርጡ ጉልበት ላይ ያበቃል፤ እግር ነፃ ይሆናል። ለቀለም፣ ወለል ለማጠብ፣ ለአጭር መሰላል ጥሩ ነው። ግን እጥፉ ከላይ ክፍት የሆነ ኪስ ይሠራል፤ የተፈረፈረ ልስን፣ ሚስማር፣ የሲሚንቶ ጠብታ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ከኮርኒስ ሥር ወይም ግድግዳ ሲፈረፈር በዚህ አስተሳሰር አትሥሩ።

ሦስተኛው በእግር መሃል የሚያልፈው ነው። በርማ (ምያንማር) ውስጥ ወንዶች ሎንጂ የሚሉትን መታጠቂያቸውን ለጉልበት ሥራና ለኳስ ጨዋታ የሚያስሩበት መንገድ ነው፤ ለከፍታና ለድሪል ከዚህ የሚሻል የለም። እግር ከፍታችሁ ቁሙ። የፊቱን ጠርዝ ከመሃሉ ይዛችሁ እንደ ገመድ ሰብስቡት፣ በእግር መሃል ወደ ኋላ አሳልፉት፣ ስባችሁ ጀርባ ላይ ቀበቶ ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች አስገቡት። የሚንጠለጠል ጨርቅ አይኖርም፤ ሰፊ ቁምጣ ይመስላል። ከመሥራታችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ቁጢጥ ብላችሁ ተነሱ፣ አንድ ጊዜ ወንበር ላይ ውጡ። ጀርባ ላይ የገባው ከላላ ሲጀመር በቂ ጨርቅ አልተሳበም ማለት ነውና ፈታችሁ ድገሙት። ስታጠብቁት ደግሞ ጭን ላይ እንዳይወጠር ተጠንቀቁ፤ የተወጠረ ጨርቅ መሰላል ላይ እርምጃ ያሳጥራል።

ቁጢጥ ብሎ መሥራት የሽርጥ ዋና በረከት ነው፤ ስልት ግን አለው። ከመውረዳችሁ በፊት የፊቱን ጨርቅ በአንድ እጅ ሰብስባችሁ በሁለቱ ጉልበቶች መሃል አስገቡት። ያለዚያ ጠርዙ እርጥብ ወለል ላይ ይነጠፋል፣ ስትነሱም በራሳችሁ ጫማ ትረግጡታላችሁ።

መሣሪያ የት ይንጠልጠል?

ወገብ ላይ የሚሸከመው ከአንድ ኪሎ ተኩል አይብለጥ። 500 ግራም መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ሜትር ይበቃል። ሌላው ባልዲ ውስጥ ይሁን፤ ከፍታ ላይ ባልዲው በ6 ሜትር ገመድ ይሳብ። መዶሻው ቀኝ ጎን፣ ካቻቢቴው ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቆዳ ማኅደር ግራ ጎን ይሁን። ፊት ለፊት የተንጠለጠለ ስለት ቁጢጥ ሲባል ብሽሽት ይወጋል። ጀርባ ላይ ደግሞ ሦስተኛው አስተሳሰር የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ባዶ ይተው።

ብዙ የሚጠግን ሰው አንድ ሽርጥ ለሥራ ብቻ ቢያሰናዳ ያዋጣዋል። በወገቡ ዙሪያ 6 የቀበቶ ማሳለፊያዎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ሴንቲ ሜትር፣ ይሰፉበት። በቀኝ ጭን በኩል 18 በ20 ሴንቲ ሜትር የሸራ ኪስ ይደረግ፤ የኪሱ አፍ በቬልክሮ ይዘጋ። ከፊት ጠርዙ መሃል አንድ ቬልክሮ፣ ከኋላ ወገቡ ላይ ተጓዳኙ ቢሰፋ ሦስተኛው አስተሳሰር በአንድ እንቅስቃሴ ይያያዛል፤ የሆነ ነገር ቢስበውም ራሱ ይለቃል። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ዩቲሊኪልትስ የተባለ ድርጅት ኪልት የሚባለውን ቀሚስ መሰል የስኮትላንድ ወንዶች ልብስ ከወፍራም ሸራ ሰፍቶ በጎንና በጎን ትልልቅ የመሣሪያ ኪሶች አድርጎበት ለሠራተኞች ሸጧል። ያን ኪስ ወደ ሽርጥ ማምጣት ይቻላል፤ ክብደቱን ግን አታምጡት፤ ወፍራም ሸራ ለቆላ አይሆንም።

መሰላል

ሽርጥ የለበሰ ሰው ሲወጣና ሲወርድ የሚገጥመው ችግር አንድ አይደለም። ሲወጣ የሚነሳው እግር የፊቱን ጠርዝ ይረግጣል፤ ሰውነቱ ወደ ላይ ሲገፋ ጨርቁ ወደ ታች ይስበዋል። ሲወርድ ደግሞ ጨርቁ በመሰላሉ መርገጫ ጫፍ ወይም በወጣ ሚስማር ይያዝና ሰውየው ሲወርድ እሱ ላይ ይቀራል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ርዝመት ነው፤ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ግማሽ እጥፍ፣ ከዚያ በላይ በእግር መሃል የሚያልፈው። ለሁለተኛው መሰላሉ ራሱ ይስተካከል። የባህር ዛፍ መሰላል ከሆነ የሚስማሮቹን ጫፍ ሁሉ በመዶሻ አጥፉ፣ ከጎን የወጣውን መርገጫ በመጋዝ ከቋሚው ጋር እኩል ቁረጡ፣ ስንጥሩን በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

የተደገፈ መሰላል አቋቋሙ አራት ለአንድ ነው፤ ጫፉ 4 ሜትር ላይ ካረፈ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ጣሪያ ላይ ለመውጣት ከሆነ ጫፉ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ይለፍ። ሁልጊዜ ፊት ወደ መሰላሉ፤ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ይያዙ። ሽርጥ ለማስተካከል ብላችሁ ሁለቱንም እጅ አትልቀቁ። ከላላ ውረዱና መሬት ላይ እሰሩት።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ

ለሽርጥ የተፈጠረ ሥራ ቢባል ይህ ነው፤ ቁጢጥ፣ እርጥበት፣ ጠባብ ቦታ። የመጀመሪያው አስተሳሰር ይሁን፣ ጨርቁ በጉልበት መሃል ይሰብሰብ።

መጀመሪያ ዋናውን ጌት ቫልቭ (የውሃ መዝጊያ) ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ። ሮቶ ካለ የሮቶውን መውጫም ዝጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና መክደኛው ሲፈታ ታጥቦ ይነሳል። የቧንቧውን ዘዋሪ እጀታ አውጡ፣ በሚስተካከል መፍቻ የላይኛውን አካል ወደ ግራ ፍቱ። መፍቻው ኒኬሉን እንዳይቧጭረው ቁራጭ ጨርቅ መሃል አድርጉ። ከሥሩ ያለው ጥቁር ጎሚኒ (ውሃ የሚዘጋው ጎማ) ደርቆ ወይም መሃሉ ቀለበት መስሎ ጎድጉዶ ታገኙታላችሁ። ለተለመደው የግማሽ ኢንች ቧንቧ የግማሽ ኢንች ጎሚኒ ግዙ፤ አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማመሳሰል ግን ከሁሉ ይበልጣል።

አዲስ ጎሚኒ ገብቶም ከተንጠባጠበ ጥፋቱ የሚያርፍበት ወንበር ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ውሃው ኖራ ስለሚበዛበት ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ጎሚኒው ቅርፊቱ ላይ አርፎ አይገጥምም። ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ አንድ ሰዓት አቆዩበት፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። ብረት አታስገቡ፤ ወንበሩ ከተጫረ ምንም ጎሚኒ አይዘጋውም። ሲገጠም ክሩ ላይ ቴፍሎን በሰዓት አቅጣጫ ከ8 እስከ 10 ዙር ይጠቅለል። በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲጠብቅ ይገለበጣል። አጥብቆ መዝጋት የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን አዲሱን ጎሚኒ በሳምንታት ውስጥ የሚቆርጠው እሱ ነው።

ጠርዙ ቢርስ ጨምቃችሁ ቀጥሉ። ወደ ኤሌክትሪክ ሥራ ልትዞሩ ከሆነ ግን መጀመሪያ ደረቅ ሽርጥ ቀይሩ።

ልስን፤ ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው

እርጥብ ሲሚንቶ ያቃጥላል። የአልካላይነቱ መጠን በፒ.ኤች. ሚዛን ከ12 በላይ ነው፤ ሲነካ ግን አያምም፤ ቃጠሎው የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው። ሽርጥ እዚህ ላይ ጠላትም ወዳጅም ይሆናል። በሲሚንቶ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጭን ላይ ተለጥፎ ከቆየ ቆዳውን ይልጠዋል። ሲወልቅ ግን ከሱሪ ይልቅ ፈጥኖ ይወልቃል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሲሚንቶ ውህዱ ከመዳፍ በላይ ስፋት ካረጠበው ወዲያው አውልቁ፣ ቆዳውን በሚፈስ ውሃ 20 ደቂቃ ታጠቡ፣ ሌላ ታጠቁ። ስለዚህ ልስን ሲሠራ ሁለተኛ ሽርጥ አጠገብ ይኑር። ቦቲ ጫማ ካደረጋችሁ ጠርዙ ቦቲው ውስጥ አይግባ፤ የሲሚንቶ ውሃውን እየመጠጠ እግር ውስጥ ያወርደዋል። በሦስተኛው አስተሳሰር ከታሰረ ከቦቲው በላይ ይቆያል። የጎማ ጓንትና መነጽር አይቅሩ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ይሄዳል። በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጋችሁ ስሙ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስኑ ከግድግዳው የተላቀቀበት ነው። ያን ሁሉ አርግፉ፣ ዙሪያውን ጤነኛው ድረስ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። ሲረገፍ ጨርቃችሁ እጥፍ የሌለበት ይሁን። አቧራውን በብሩሽ ጠርጉ፣ ግድግዳውን ውሃ አርከፍክፉ፤ እርጥብ ሆኖ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ደረቅ ግድግዳ የውህዱን ውሃ ይመጥጣል፤ ውህዱም ሳይጠነክር ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ውህዱ አንድ ሲሚንቶ ለአራት የተነፋ አሸዋ ይሁን። ለአንድ ካሬ ሜትር በ15 ሚሊ ሜትር ውፍረት 4 ሊትር ያህል ሲሚንቶ፣ ይህም 6 ኪሎ ገደማ ነው፣ ከ16 ሊትር አሸዋ ጋር ይበቃል። 50 ኪሎ ከረጢት የከፈተ ሰው የተረፈውን በላስቲክ አስሮ ከወለል ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ። ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ በካዙላ (በግንበኛ ማንኪያ) ሲቆረጥ ቅርጹን የሚይዝ ይሁን። "ሲሚንቶ ቢበዛ ይጠነክራል" ብሎ አንድ ለሁለት ማድረግ ስንጥቅ መጥራት ነው፤ የበዛው ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል። በካዙላ ከታች ወደ ላይ እየጫናችሁ ለጥፉ፣ በቀጥ ያለ ጣውላ ከነባሩ ልስን ጋር አስተካክሉ፣ ጣት ሲነካው ውህዱ የማይለጠፍበት ደረጃ ሲደርስ በማለስለሻ ጣውላ በክብ አሹት። ጉድጓዱ ከ15 ሚሊ ሜትር ከጠለቀ በሁለት ቀን ይሠራ፤ የመጀመሪያው ንብርብር በሚስማር ተጭሮ ይደር። ከዚያ በጠዋትና በማታ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ቢቻል ለሳምንት ውሃ ይጠጣ። በቆላ ልስን የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ እርጥብ ጆንያ ይንጠልጠል።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ በቀጥታ አይለጠፍም። ጭቃው በእርጥበት እያበጠና እየተኮማተረ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ደርቆ ይቀራል፣ ተነቅሎም ይወድቃል። በተቦካ ጭቃና ጭድ ይጠገን። ሲሚንቶ ካልሆነ የሚል ሰው የዶሮ ሽቦ በሚስማር ወጥሮ በላዩ ይለስን።

ቀለም

ግማሽ እጥፍ ይበቃል። ከኮርኒስ ወደ ግድግዳ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሂዱ። ወደ ኋላ ስትራመዱ ጠርዛችሁ የተቀባውን እንዳይጠርግ አንድ ክንድ ራቁ። 4 በ4 የሆነና 2.80 ከፍታ ያለው ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ግድግዳ አለው፤ የውሃ ቀለም በሊትር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለሁለት ቅብ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያዙ። የተሰነጠቀውን በስቱኮ ሞልታችሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ ብቻ ነው የሚቀባው። አዲስ ልስን ላይ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሳይሞላ ቀለም ካረፈ አልካሊውና እርጥበቱ ቀለሙን ይልጡታል።

የዘይት ቀለም ከሆነ እጅ በሽርጥ የመጥረግ ልማድ ይቁም። አኳራጅ የነካው ጨርቅ ቆዳን ያደርቃል፤ ክብሪት ወይም ከሰል አጠገብ ከደረሰ ደግሞ ይቀጣጠላል። ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ ቁራጭ ጨርቅ ለዚያ ይዋል።

ኤሌክትሪክ፤ በአጭሩ

አገራችን ላይ ያለው 220 ቮልት ነው፤ እርጥብ ጨርቅም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሽርጥ፣ ጫማና ወለል ደረቅ ይሁኑ። ብሬከሩን አውርዱ፤ ቴስተሩ መሥራቱን ኃይል ባለው ሶኬት አረጋግጡ፤ ከዚያ የምትጠግኑትን ሶኬት ፈትኑ፤ እንደገናም ኃይል ባለው ላይ ሞክሩት። የሚሞቅ ሶኬት ባብዛኛው ብሎኑ የላላ ነው። ሽቦው ከተለበለበ እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ቁረጡ፣ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ፣ አጥብቁ። ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው የሚያገለግለው። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ያለፈውን ለባለሙያ ተዉ።

የጣሪያ ቀዳዳ

ነፋስ ባለበት ቀን ጣሪያ ላይ በሽርጥ አይወጣም። ሦስተኛው አስተሳሰር ቢኖርም ነፋስ ላይ የትኛውም ልብስ አያስተማምንም። ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ የተራቆተ ቅልጥምና ጉልበት ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቅ። መንበርከክ ካለ ከጉልበት በታች የታጠፈ ጆንያ ይነጠፍ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቀዳዳውን ከውስጥ ፈልጉ። ኮርኒስ ከሌለ ቀን በብርሃን ነጥብ ይታያል፤ ከሁለት ግድግዳ ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ላይ ላዩን ድገሙት። ኮርኒስ ካለ የረጠበው ቦታ አያታልላችሁ፤ ውሃው በሞራሌው (ቆርቆሮው በሚመታበት እንጨት) ላይ ተጉዞ ነው የሚንጠባጠበው፤ ምንጩ ሁልጊዜ ከዚያ ከፍ ያለ ነው።

በሚስማሮቹ መስመር ብቻ ተራመዱ፤ ከሥር ሞራሌ ያለው እዚያ ነው። ቀጭኑ 32 ጌጅ ቆርቆሮ በመሃሉ ከተረገጠ ይጎደጉዳል፣ ውሃም ያቁራል። አብዛኛው ፍሳሽ ከሚስማር ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲግል ይለጠጣል፣ ሌሊት ይኮማተራል፤ ሚስማሩ ይላላል፤ ጎማውም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። የላላውን መልሶ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ከመዶሻው ሥር ቁራጭ ጣውላ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ያለ ጣውላው የቆርቆሮው ሞገድ ይደፈጠጣል። በቦታው የጎማ ዋሸር ያለው፣ ከሚስማሩ ወፈር ያለ የቆርቆሮ ብሎን አስገቡ፤ ሁልጊዜ በሞገዱ ከፍታ ላይ ይሁን፣ በሸለቆው ፈጽሞ አይደረግ። ጎማው በዋሸሩ ዙሪያ በትንሹ ሲያብጥ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

የዛገ ቀዳዳ ሲሆን አሮጌ የጥጥ ሽርጥ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሬንጅ ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ 10 ሴንቲ ሜትር አልፎ ቀቡ፣ በዚያው ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ሳይጨማደድ አንጥፉበት፣ በላዩ ሬንጅ ድገሙ፣ ሲደርቅ ሦስተኛ ቅብ ጨምሩ። ጨርቁ ቆርቆሮው ሲለጠጥ ሬንጁ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ፖሊስተር ሬንጁን በደንብ ስለማይመጥጥ ለዚህ አይሆንም። የሚፈላ ሬንጅ ግን በሽርጥም በሱሪም ጣሪያ ላይ አይወጣም። በዚያው ሳላችሁ አሸንዳውን ጥረጉ፤ የተደፈነ አሸንዳ ውሃውን ወደ ኋላ እየመለሰ ከግድግዳው ራስ ያስገባዋል።

ከሥራ በኋላ

የሥራውና የንጹሑ ሽርጥ አይቀላቀሉ። ሶላት የሚሰግድ ሰው ንጹሑን ከሥራው ቦታ ርቆ ይስቀለው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ታጥቦ መለወጥ ነው። ሲሚንቶ የነካው ሽርጥ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ለብቻው ይታጠብ፣ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ። የውሃ ቀለም እርጥብ እያለ በቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ይለቃል፤ ከደረቀ አይለቅም፤ ግን ለሥራ ሽርጥ ነውር አይደለም።

ጠርዙን በየጊዜው ተመልከቱ። ክር የተንጠለጠለበት ጠርዝ ድሪል መጀመሪያ የሚይዘው ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ እንደገና አሰፉት። እየተቆረጠ ጉልበት ድረስ ሲያጥር ወደ ቁርጥራጭ ጨርቅነት ይዛወራል። በዘይት ቀለም ወይም በተልባ ዘይት የራሰ ቁርጥራጭ ተጨማዶ ጥግ አይጣል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ተከምሮ ከቆየ ያለ ክብሪት ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ይቆይ፣ ከዚያ ይወገድ።